የሰው ዓይን

ቻይና ውስጥ፣ ስማቸውን በማላውቃቸው ሰዎች ስልክ ላይ፣ ስንት ፎቶግራፍ እንዳለኝ እግዜር ይወቀው። አንዳንዱ ላይ ፈገግ ብያለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ኑድል እየጎረስኩ ነው፤ አንዱ ላይ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ አፌ ተከፍቷል። (ይህን የማውቀው ድንገት ስባንን ፎቶውን ያነሳው ጎረምሳ ደንግጦ ስልኩ ከእጁ ስለወደቀ ነው። አንስቼ ሰጠሁት። አመሰገነኝ።) ሃንግዡ በምትባል ከተማ በቋንቋ ተማሪነት ሁለት ዓመት ስቀመጥ ዋናው ሥራዬ መማር ሳይሆን መታየት ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ። ደመወዝ የሌለው፣ እሑድም የማይዘጋ ሥራ።

ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። የሄድኩት ወድጄ ነው፤ የተቀበሉኝም በደህና ነው። ነገር ግን ከዚያ አገር ይዤው የመጣሁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ሻንጣዬን ፈትቼ ስጨርስ እሱ ብቻ ሳይፈታ ቀረ። ሰው ሰውን ትኩር ብሎ ማየቱ በደል ነው ወይ? በደል ከሆነስ የተበደለው ምኑን ተወሰደበት?

እኛ አገር ዓይን እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ያማረ ሕፃን ያየች ሴት «እንትፍ፣ እንትፍ» ሳትል አታልፍም። ጋቢውን ከልሎ የሚጎርስ ሰው በየቤቱ ነበር። «የሰው ዓይን በላው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እንግዲህ ማየት ማለት ዝም ብሎ መመልከት ሳይሆን በሌላው ሰው ላይ አንድ ነገር ማድረግ መሆኑን አያቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። (የሚያሳዝነው ይህንኑ እውቀት ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብለው ለማግለያ ማዋላቸው ነው። እንዲያየን የማንፈልገውን ሰው፣ ዓይኑ ይበላል እያልን ኖረናል።)

ሃንግዡ ከሻንግሃይ በፈጣን ባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ ቻይናውያን ከየክፍለ ሀገሩ እየመጡ የሚያዩት ስመ ጥር ሐይቅ አለ፤ ስሙም «ምዕራብ ሐይቅ» ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው ባለቅኔ ሱ ዶንግፖ፣ ከሐይቁ በተዛቀ ደለል ያስገነባው ሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈሪ የሆነ የእግር መንገድ ውሃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጠዋል። ግራና ቀኙ የኮክና የአኻያ ዛፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማልጄ ወደዚያ እሄድ ነበር። ጡረተኞች በዝግታ እጃቸውን እየዘረጉ ስፖርት ይሠራሉ። አንዳንዶቹ የመጥረጊያ ያህል በረዘመ ብሩሽ ውሃ እያጠቀሱ ንጣፍ ድንጋይ ላይ ፊደል ይጽፋሉ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠፋል። እነሱን ለማየት ነበር የምሄደው። እኔም ለማየት ነበር የምሄደው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ቅዳሜ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ እንዳልኩ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡ። ሰላምታም አላቀረቡ። ዛፍ እንደሚያይ ሰው ዝም ብለው አዩኝ፤ ፀጉሬን፣ ጆሮዬን፣ ጫማዬን። ቀጥለው እጄን አነሱና ጀርባውን በአውራ ጣታቸው እሽት እሽት አደረጉት። ከዚያም አውራ ጣታቸውን ገልብጠው አዩ። ምንም አልለቀቀም። ጥርስ በሌለው አፋቸው ከልባቸው ሳቁና ከዘንቢላቸው መንደሪን አውጥተው፣ ልጠው፣ አንድ አንዱን ፈልቅቀው እጄ ላይ ያኖሩልኝ ጀመር። መሰደቤ ይሁን መወደዴ መለየት አቅቶኝ መንደሪኑን በላሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰላም ነበሩ፤ ቋንቋውን አላውቅማ! ሰው ሁሉ ሲያየኝ የሚያወራው ስለ አየር ጠባይ ይመስለኝ ነበር። ጆሮዬ ሲከፈት ነው ጣጣው የመጣው። በገባሁበት ሁሉ «ላኦዋይ» የምትል ቃል ከፊቴም ከኋላዬም ትመጣለች። «ላኦ» አንጋፋነትን፣ ቀረቤታንም ጭምር የሚያመለክት ቃል ነው፤ «ዋይ» ማለት ውጭ ነው። «የውጭ ሰውዬ» እንደማለት። ክፋት የለበትም ይላሉ አስተማሪዎቻችን። እውነታቸውን ነው፤ የኛው «ፈረንጅ»ም ክፋት የለበትም እንላለን። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን «ፈረንጅ» ስል ኖሬ በ34 ዓመቴ ራሴ ፈረንጅ ሆንኩ።

ከሁሉ የማይረሳኝ የአንድ ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ የሆነው ነው። አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ የእናቱን ቀሚስ እየጎተተ፣ «እማዬ፣ ይሄ አጎት ለምን ጠቆረ?» አላት። እናትየው አፍራ ወደ ጣሪያ አየች። እኔን ግን ያስገረመኝ ጥያቄው ሳይሆን አጠራሩ ነበር። «ሹሹ» ነው ያለኝ፤ አጎት ማለት ነው። የኛ ልጆች የማያውቁትን ሰው «ጋሼ» እንደሚሉት ሁሉ የቻይና ልጆችም ባዳውን በዘመድ ስም ይጠራሉ። እዚያችው አረፍተ ነገር ውስጥ ልጁ ዘመዱ አደረገኝ፤ እዚያው ባዳ አደረገኝ። ሁለቱንም ከልቡ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ሞክሬአለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የቻይና የሕዝብ ቆጠራ፣ በዋናው የቻይና ምድር ይኖሩ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች 845,697 ናቸው። የአገሩ ሕዝብ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ነው። ሲካፈል ከ10,000 ሰው ስድስት የማይሞላ ማለት ነው። ከስድስቱ ውስጥ ጥቁሩ ስንት እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይገምት። በዚህ ስሌት አሮጊቷም ሆኑ የአውቶቡሱ ጎረምሳ አይፈረድባቸውም። ይሁንና አንድ ነገር ለምን እንደሚደረግ ማወቅና መደረጉ ልክ መሆኑን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ረሃብ ስርቆትን ያስረዳል፤ የተሰረቀበትን ሰው ግን ዳቦውን አይመልስለትም።

በዚህ ጉዳይ ከሁለት ሰዎች ጋር ስከራከር ከረምኩ፤ ሁለቱ ግን ተገናኝተው አያውቁም። አንደኛው ጋናዊ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ፣ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ነው ከቤት የሚወጣው። ፎቶ አብሮ አይነሳም። «እኔ የአራዊት ማቆያ ውስጥ ያለሁ አይደለሁም» ይላል። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር አንድ አባት ትንሽ ልጁን አቅፎ መጣና በትህትና ጠየቀው። «አይሆንም» አለ። ልጅቷ አለቀሰች። ጓደኛዬ መንገዱን ቀጠለ፤ ማታ ግን እራት አልበላም። ልክ ነበር፤ ልጅቷም ልክ ነበረች። ሁለት ልክ ሰዎች ተጋጭተው አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ጾሙን ሲያድር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛዋ እዚያው ጠቅላይ ግዛት ዪዉ በምትባለው የገበያ ከተማ የምትሠራ ያገሬ ልጅ ናት። ዪዉ 75,000 ያህል ሱቆች ያሉበት፣ ከአዝራር እስከ ገና ዛፍ በጅምላ የሚሸጥበት ገበያ ያላት ከተማ ናት። እትዬ (እንዲያ ነው የምጠራት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች) የተማሪ ቦርሳና የፕላስቲክ ጫማ በኮንቴይነር ወደ ጂቡቲ ትጭናለች። ስለ ሰው ዓይን ሳማርርላት ሽሮዋን እያማሰለች ሳቀች።

«አንተ ልጅ፣ ዓይን የሚበላ ቢሆን እኔ ይሄኔ አጥንቴ ነበር የሚቀረው። አስራ አንድ ዓመት አዩኝ!»

«አያናድድሽም?»

«ለምን ይናደደኛል? አይተው አይተው ሲበቃቸው ዋጋ ይቀንሳሉ። ያላየኝ ነው የማይቀንስልኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የነጋዴ ነገር ነው ብዬም ተውኩት። ከጊዜ በኋላ ነው የገባኝ።

በቀረው ኑሮዬ ብዙ የሚነገር የለም። ጠዋት በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። ጉንፋን ቢይዝህ፣ ሆድህን ቢቆርጥህ፣ ፍቅረኛህ ብትከዳህ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ «ሙቅ ውሃ ጠጣ»። ገንዘብ በእጅ የሚይዝ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ በጋሪ ስኳር ድንች የሚጠብሱት አዛውንት እንኳ ስልክ የሚያነበውን ምልክት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። የሚገርመው ግን ማሽኑ ነው። የቻይና ዜጋ መታወቂያ 18 አኃዝ አለው፤ የሙዚየሙም፣ የጣቢያውም፣ የክሊኒኩም ማሽን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ፓስፖርቴን ሳቀርብለት «ስህተት» ይለኛል። ሰው አብዝቶ ያየኛል፤ ማሽን ጨርሶ አያየኝም። በዚህ መሀል ለኔ ልኩን የምታውቅ የሰፈራችን ፍራፍሬ ሻጭ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ የሙዙን ሚዛን ትታ እኔን ስታይ ከረመችና አንድ ቀን ተወችው። ራሷን ሳታቀና፣ «ዛሬ ሙዙ አይረባም፤ ነገ ና» አለችኝ። በቁጣ ቃል ነው ያለችኝ። እስከ ማደሪያዬ ድረስ እየሳቅሁ ሄድኩ።

አሁን ወደ ሻዎሺንግ ልውሰዳችሁ። ከሃንግዡ በፈጣን ባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ናት፤ በቦዮችዋ፣ በእግር በሚቀዘፉ ጥቁር ዳስ ባላቸው ጀልባዎችዋና ከሩዝ በሚጠመቀው ጠጅ መሰል መጠጧ ትታወቃለች። እኔን የወሰደኝ ግን የዘመናዊው የቻይና ሥነ ጽሑፍ አባት የሚባለው ሉ ሹን (1881–1936) እዚያ መወለዱ ነው። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። አመሻሽቼ ደረስኩ፤ ዝናብ ይጥላል። በስልክ የያዝኩት ሆቴል ስደርስ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ሃያ ዓመት የማይሞላት የምትመስል ልጅ ናት፤ ፓስፖርቱን አይታ መለሰችልኝ። «የውጭ አገር ሰው አናስተናግድም።» ከፍያለሁ አልኳት። ገንዘቡ ይመለሳል አለች። ለምን? «ፈቃድ የለንም።» ይህን ሁሉ ስትል ዓይኗ ከኮምፒውተሩ አልተነሳም። ሁለተኛው ሆቴል እንዲሁ። ሦስተኛው ፖሊስ ጣቢያ ደውሎ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ ፈቀደልኝ። ገላዬን ታጥቤ ስተኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።

ለልጅቷ ልከራከርላት። እዚያ አገር የውጭ ሰው ባረፈበት ቦታ ሁሉ ለፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ በሰው ቤት ቢያርፍ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ። ሆቴሉ አመዘጋገቡን ካላወቀ ተጠያቂ እሆናለሁ ብሎ ይፈራል። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ሆቴሎች በዚህ ሰበብ የውጭ እንግዳ እንዳይመልሱ አሳስበዋል። ስለዚህ ጥላቻ አልነበረም። እሱን አውቃለሁ። ግን ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ስገላበጥ የመጡልኝ እጄን ያሹት አሮጊት ናቸው። የዚያን ዕለት ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ናፈቁኝ። ዓይን ያበዙብኝ ሰዎች መንደሪን ሰጡኝ። በዝናብ ያስወጣችኝ ልጅ ግን አንዴም አላየችኝም።

ፍራፍሬ ሻጯም አላየችኝም ነበር እኮ፤ ራሷን ሳታቀና ነው ያናገረችኝ። ሁለቱ አለማየት ግን አንድ አይደሉም። ፍራፍሬ ሻጯ ሦስት ወር አይታኝ፣ አይታ ጨርሳ ነው የተወችኝ። የሆቴሏ ልጅ ሳትጀምር ጨረሰች። እትዬ «ያላየኝ ነው የማይቀንስልኝ» ያለችው ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ትንሽ ድርሰት እንግዳ መቀበልን ከደግነት አውጥቶ መብት ያደርገዋል። ባዕድ ሰው በደረሰበት አገር ጠላት ተብሎ ያለመቆጠር መብት አለው፤ ቤተኛ የመሆን መብት ግን የለውም ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ የአውሮፓን እንግዶች ጠባይ ያዩት ቻይናና ጃፓን በራቸውን ማጥበባቸውን በብልህነት ይቆጥርላቸዋል። ይህ ሰው አርቆ አይቷል፤ እሱ ከሞተ ከ40 ዓመት በማይርቅ ጊዜ ነው እንግሊዝ ኦፒየም ይገባ ዘንድ ቻይናን በመድፍ የደበደበችው። የእኛ ባላገር ይህን ሁሉ ሳያነብ፣ የመሸበት መንገደኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲለው እግሩን አጥቦ አሳድሮታል። ሁለቱም ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ሌሊት ሰው ነው። ሁለት ዓመት ስለሚቀመጠው፣ አሥራ አንድ ዓመት ስለምትነግደው ሰው ካንትም ባላገሩም ብዙ አላሉም። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ ጓንግዡ ከተማ ውስጥ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል እየተባረሩ ጎዳና ላይ አድረው ነበር፤ የአፍሪካ አምባሳደሮችም በጽሑፍ አቤት ብለዋል። ከተባረሩት ውስጥ ዓመታት የኖሩ ነበሩበት። ጎረቤት ዓመታት አይቷቸው ነበር ማለት ነው፤ ግን ያያቸው አልመሰለኝም። ቀለማቸውን አይቶ እዚያው ላይ የቆመ ነው የሚመስለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ወደ ሉ ሹን ሰፈር ሄድኩ። የተወለደበት ቤት፣ የተማረበት የቄስ ትምህርት ቤት መሰል ክፍል፣ ሁሉም ሙዚየም ሆኗል። እሱን ሮጥ ሮጥ ብዬ አየሁት። ከዚያው መንገድ ላይ ግን «ሺየንኸንግ» የሚባል መጠጥ ቤት አለ። ሉ ሹን በ1919 ያሳተመው «ኮንግ ዪጂ» የተባለ አጭር ልቦለድ የሚፈጸመው በዚህ ስም በሚጠራ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ኮንግ ዪጂ ፈተና ወድቆ የቀረ ምሁር ነው፤ ድሃ ሆኖ እንደ ሠራተኛው ቆሞ ይጠጣል፣ እንደ ምሁር ግን ረጅም ቀሚሱን አይጥልም። ሲገባ ጠጪው ሁሉ ይስቅበታል። ታሪኩን የሚነግረን ያኔ እዚያ ቤት መጠጥ ያሞቅ የነበረ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ያ ቤት ለልጁ አሰልቺ ነበር፤ ኮንግ ዪጂ ሲመጣ ብቻ አብሮ መሳቅ ይፈቀድለታል፣ ጌታውም አይቆጣም። አንድ ቀን ምስኪኑ ሰው ልጁን አንዲት ፊደል ሊያስተምረው ይሞክራል፤ የእንስላልን ፊደል። ልጁ ፊቱን ያዞርበታል። በመጨረሻ ኮንግ ዪጂ በስርቆት ተደብድቦ እግሩ ይሰበራል፤ እየዳኸ መጥቶ ይጠጣል፤ ከዚያ አይታይም።

ዛሬ ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የኮንግ ዪጂ ሐውልት ቆሟል። ጎብኚው ተሰልፎ አጠገቡ ፎቶ ይነሳል። ውስጥ በእንስላል የተቀቀለ ባቄላ (የኛው ንፍሮ ነው) ከሞቀ መጠጥ ጋር ይሸጣል። ያዘዝኩትን ይዤ ስወጣ አንድ ቤተሰብ ከበበኝ፤ ከሄናን የመጡ ናቸው፤ ሴት አያት፣ ባልና ሚስት፣ አንድ ልጅ። ከኔ ጋር ፎቶ መነሳት ፈልገዋል። እሺ አልኩ። ከኮንግ ዪጂና ከኔ መሀል አቆሟቸው። ከፊታችን አምስት ስድስት ስልክ ተደገነ።

ሉ ሹን በ1923 በወጣው የመጀመሪያ መድበሉ መቅድም ላይ ጸሐፊ የሆነበትን ምክንያት ይነግረናል። ጃፓን ውስጥ ሕክምና ሲማር፣ ክፍል ውስጥ በመብራት ከሚታዩት የጦርነት ሥዕሎች አንዱ ላይ ጃፓኖች አንገቱን ሊቀሉት ያሰሩት ቻይናዊ ነበረ። ዙሪያውን ጤነኛ ጠንካራ ቻይናውያን ቆመው ያያሉ። ሉ ሹንን ያመመው ሰይፉ አይደለም፤ ፊታቸው ነው። የሚያዩ እንጂ ምንም የማይሰማቸው ፊቶች። ሕክምናውን ተወ። ከዚያ በኋላ በጻፈው ብዙ ነገር ውስጥ ያ የሚያይ ሕዝብ ይመለሳል። እንግዲህ የዚህ ሰው ተወላጅ ከተማ፣ ባለ ታሪኩ ደጃፍ ላይ፣ ስልክ ተደግኖብኝ ቆሜ ፈገግ ስል ምን መሰላችሁ ያሰብኩት? ስለ ቻይናውያን አልነበረም። ስለዚያ መጠጥ አሙቂ ልጅ ነበር። ያን ልጅ አውቀዋለሁ።

የአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ ሲሠራ እኔ አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። ሠሪው የቻይና ኩባንያ ነው። በኛ ሰፈር፣ ጦር ኃይሎች፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ በመነጽሩ ሲያይና ሲጽፍ የሚውል አንድ ቀያሽ ነበር፤ ቀጭን፣ የሣር ባርኔጣ ያደረገ። ስምንት ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ እየተከተልን «ቻይና! ቻይና!» እንል ነበር። እኔ ከሁሉም የተዋጣልኝ ነበርኩ። ዓይኔን በጣቶቼ ወደ ጎን ስቤ፣ ትርጉም የሌለው ድምፅ እየደረደርኩ አነጋገሩን ስቀዳ የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ይስቁ ነበር። ባለሱቁ ጋሼም ይስቁ ነበር። በሌላ ጊዜ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ካልተነሳህ ጆሮ የሚቆነጥጡ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን መሣሪያውን ትቶ ወደኛ መጣ። ተበተንን። እኔ ኮረት አዳልጦኝ ወደቅሁና ጉልበቴ ተላጠ። ይመታኛል ብዬ ፊቴን በክንዴ ሸፈንኩ። እሱ ግን ከኮዳው ውሃ አፍስሶ ጉልበቴን አጠበልኝ። ከዚያ ከማስታወሻው ገጽ ቀደደና ሁለት ፊደል ጽፎ ሰጠኝ። ደረቱን በጣቱ እየነካ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ደጋገመ። ስሙ መሆኑ ገብቶኛል። በልጅነት አልገባኝም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ገብቶኛል። ቃሉን ተቀበልኩና አጣምሜ፣ በአፍንጫዬ፣ ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱም ትንሽ ሳቀ፤ ተመልሶ ወደ መነጽሩ ሄደ። ወረቀቱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። በማግስቱ «ቻይና!» እያልን ቀጠልን።

ስሙን ለማስታወስ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ቻይንኛ ስማር በየአዲሱ ቃል ላይ ቆም እያልኩ «ይህቺ ትሆን እንዴ?» እል ነበር። አልሆነችም። የሐይቁ ዳር ሽማግሌዎች ፊደል በውሃ ሲጽፉ ቆሜ የማያቸው ለውበቱ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ሻዎሺንግ ላይ ነው። ዕድሜው አሁን ከስድሳ አያንስም። አንዱን አዛውንት፣ «አፍሪካ ሠርተው ያውቃሉ?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «ኧረ እኔ ከሃንግዡ ወጥቼ አላውቅም» አሉና፣ ለምን እንደዚያ እንደማፈጥባቸው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሄናኑ ልጅ ፎቶው ካለቀ በኋላ አልሄደም። «ስምህ ማነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሁለት ጊዜ አጣሞ ሦስተኛው ላይ አቃናው። እኔም የሱን ጠየቅሁትና በማስታወሻዬ ላይ አስጻፍኩት። ብዕሩን በጡጫው ጨብጦ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ሰፋፊ አድርጎ ጻፈው። አያቱ ባቄላ አስያዙኝ።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከፊቴ አራት ሰው አልፎ አንዲት የሩቅ ምሥራቅ ሴት ቆማ ነበር፤ በፌስታል ቲማቲም ይዛለች። ከወዲያ ማዶ የሊስትሮ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» ይላሉ፤ ሰልፈኛው ፈገግ ፈገግ ይላል። ቻይናዊት ትሁን ኮሪያዊት በምን አውቃለሁ? በቻይንኛ ሰላም ልበላት ብዬ አሰብኩ። እንዲያ ብላት ከልጆቹ በምን ተሻልኩ፤ ያው ፊቷን አይቼ አገር መስጠቴ አይደል? በአማርኛ ልበላት? ልጆቹን ልቆጣ? ይህን ሳወጣና ሳወርድ ታክሲው መጣና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ዓይኔን አልነቀልኩባትም። ዞራ አየችኝ።